ከኪንታሮት ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ማድረግ ይገባዎታል?

ኪንታሮት ብዙ ሰው የሚታመመው፣ ጥቂት ሰው ግን አፍ አውጥቶ የሚናገረው ሕመም ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰውም ስለሚያፍር ጎረቤት አይጠይቅም፤ ሐኪም ዘንድም ቶሎ አይመለስም። በዚህ የተነሳ በቀላሉ ሊታለፍ የሚችል ችግር ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ በካርቱም ብዙ ሆስፒታሎች ተጎድተዋል፤ ብዙዎቹም ሥራ አቁመው ነበር። በአርካዊት፣ በዴምና በጄሪፍ ለምንኖር ስደተኞች ለክትትል መመላለስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የተለመደውንና አስጊውን ምልክት ለይቶ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ቁስሉ ለምን ክፍት ይተዋል?

ኪንታሮት ማለት በፊንጢጣ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች አብጠው ሲወጠሩ የሚፈጠር እብጠት ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት የቀዶ ሕክምና ዘዴ ሚሊጋንና ሞርጋን የተባሉ የለንደን ሐኪሞች በ1937 ያስተዋወቁት ነው። በዚህ ዘዴ እብጠቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቁስሉ ግን ሳይሰፋ ይተዋል። ምክንያቱም ቦታው ሰገራ የሚያልፍበት ስለሆነ ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ቢሞላ ይሻላል። ይህም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሽ ቢጫ ፈሳሽ ወይም ጥቂት የደም ጠብታ በጨርቅ ላይ ቢያዩ አይደንግጡ።

የመጀመሪያው ሰገራ

በሽተኛ ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ያመኛል ብሎ ሰገራውን የሚይዝ ሰው ግን ሕመሙን ያብሳል። ሰገራ በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው ስለሚመጠጥ ይደርቃል፤ የደረቀውም ሲወጣ ቁስሉን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ሲመጣብዎ አይያዙ። ከመሄድዎ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው የታዘዘልዎትን ማስታገሻ ይውሰዱ። አያምጡ፤ መጸዳጃ ቤትም ብዙ አይቆዩ። እስከ 3ኛው ቀን ካልወጣዎት እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፊንጢጣ ምንም ነገር አያስገቡ።

ምግብና መጠጥ

ሰገራን የሚያለሰልሰው አሠር ያለው ምግብና በቂ ውሃ በአንድነት ሲወሰዱ ነው። አሠር ያለ ውሃ ድርቀት ያመጣል። በአካባቢያችን ከሚገኘው የሚከተሉት ጥሩ ናቸው፦

• ፉል፣ ምስር፣ ሽሮ
• እንጀራ ወይም የማሽላ ኪስራ
• ጎመንና ባሚያ
• ፓፓያ፣ ጉዋቫ፣ ተምር
• በውሃ የተዘፈዘፈ ተልባ

በቀን ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይጠጡ፤ በካርቱም ሙቀት ከዚህም በላይ ያስፈልጋል። ሽንትዎ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ውሃው አልበቃዎትም ማለት ነው። በ2025 በካርቱም የኮሌራ ወረርሽኝ ስለነበር ውሃውን አፍልተው ወይም በክሎሪን አክመው ይጠጡ። ተቅማጥም እንደ ድርቀት ሁሉ ቁስሉን ይጎዳል። በርበሬና ሚጥሚጣ ለጥቂት ሳምንታት ይቀንሱ፤ አረቄም ይተው። ጾም ላይ ከሆኑ የሃይማኖት አባትዎን ወይም ሼኽዎን ያማክሩ፤ ለበሽተኛ ፈቃድ አለ።

የቁስሉ ንጽሕና

ሰፋ ባለ ንጹሕ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ አድርገው በቀን 3 ጊዜና ከሰገራ በኋላ ሁሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡበት። ይህ የተኮማተረውን ጡንቻ ስለሚያፍታታ ሕመሙን ይቀንሳል። በርሜል ውስጥ የዋለ ውሃ በፀሐይ ሊፋጅ ስለሚችል በእጅዎ አንጓ ይሞክሩት። ዴቶል፣ በረኪና ወይም አልኮል አይጨምሩ፤ ቁስሉን ያቃጥላሉ። ከመጸዳጃ በኋላ በሸካራ ወረቀት ከመጥረግ ይልቅ በኢብሪቅ ውሃ ይታጠቡ፤ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅም ሳይፈትጉ ያድርቁ።

የሕመም ማስታገሻ

ሕመሙ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ይወሰዳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ትራማዶልን ከመንገድ ገዝተው አይውሰዱ። ሱስ ያስይዛል፤ ሆድንም ያደርቃል።

ወደ ሥራ መመለስ

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይራመዱ። ቀላል ሥራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ይቻላል። ከባድ ነገር ግን ለ4 ሳምንት ያህል አያንሱ፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑን አይርሱ። በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ከሆስፒታል የሐኪም ወረቀት ጠይቁ፤ አሠሪን ለማስረዳት ይረዳል። ሻይ የምትሸጡም በዝቅተኛው በርጩማ ላይ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ። መሐሉ ክፍት የሆነው ክብ ትራስ በደም ሥሮቹ ላይ ጫና ስለሚጨምር ተራ ለስላሳ ትራስ ይሻላል። ራክሻ የምትነዱ ወንድሞች፣ ወደ ገዳሪፍም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ ያሰባችሁ፣ ቁስሉ እስኪሻለው ታገሡ።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱባቸው ምልክቶች

• ደም እየፈሰሰ ካልቆመ ወይም የረጋ ደም ከወጣ። ይህ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ «ድኛለሁ» ባሉበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑበትና ይሂዱ፤ ሌሊት ቢሆንም አይጠብቁ።
• ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት ካልወጣ።
• ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ።
• ሕመሙ እየቀነሰ ቆይቶ እንደገና ከበረታ።
• ካዞረዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ።
• ከሳምንታት በኋላ ሰገራ እየቀጠነና ለመውጣት እያስቸገረ ከሄደ፤ ጠባሳው መውጫውን አጥብቦት ሊሆን ይችላል።

የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ቁስሉ ሊዘገይ ስለሚችል የጀመረውን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይከታተል።

ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

ቁስሉ ከዳነ ወራት በኋላ ደም ካዩ «ተመልሶ መጣብኝ» ብለው ዝም አይበሉ። አሜባ፣ በገዚራ የመስኖ ቦዮች አካባቢ የሚገኘው ቢልሃርዚያ፣ እንዲሁም የአንጀት ካንሰር ደም ያለበት ሰገራ ያመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሰገራ ምርመራ ሊታወቁ ይችላሉ፤ በመድኃኒትም ይድናሉ። ሦስተኛው ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ተስፋው ይበልጣል። «ኪንታሮት የሚያረግፍ» እየተባለ የሚቀባ ቅጠልና ዱቄት ግን ጤነኛውን ሥጋ ጭምር ሊያቃጥል ስለሚችል በዳነው ቁስል ላይ አይጠቀሙ።

ቦታው ስለሚያሳፍር አይደብቁት። ለነርስም ሆነ ለሐኪም ይህ እንደ ማንኛውም ቁስል ነው። ሴቶች ሴት ባለሙያ እንድታያቸው መጠየቅ ይችላሉ። ቋንቋ ካስቸገረዎ አረብኛ የሚችል የሚያምኑት ሰው ይዘው ይሂዱ።

ምሕረቱን ያምጣልዎ።