ጋቢናው ስንት ነው?

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሁሉም ሰው ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጋቢና ላይ ነው። እዚያ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ረዳት የለም። «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ተነስቶ መንገድ መልቀቅም የለም። ሂሳቡ ግን ያው ነው፤ ጋቢና የገባውም፣ መጨረሻው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ የተጠቀጠቀውም እኩል ይከፍላሉ።

ጋቢና ግን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በሩ ጋ ያለው ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክርኑን አስደግፎ፣ እንደ ባለመኪና ይሄዳል። መሀል የገባው ደግሞ ሾፌሩ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ጉልበቱን ይሰበስባል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ የኮልፌ ሰው የጋቢናን በር ከፍቶ ዘው አይልም። በሩን ይዞ ትንሽ ይቆማል። ሌላ ሰው ሲመጣ በትሕትና እጁን ዘርግቶ «ግባ፣ እኔ ቅርብ ወራጅ ነኝ» ይለዋል። ይህ ቅርብ ወራጅ ሦስት ቁጥር ማዞሪያን አልፎ፣ አየር ጤና ደርሶ፣ ሾፌሩ ሞተር ሲያጠፋ አብሮ ሲወርድ ስንቴ አይቻለሁ።

ቃሉ ከጣሊያኖቹ «ካቢና» የመጣ ነው። እንግሊዞች የአውሮፕላኑን ሆድ የሚጠሩበት «ካቢን»ም የዚያው ዘመድ ነው። ቢዝነስ ክላስ የሚባለውን የአውሮፕላን የፊት ክፍል ጋቢና ብንለው እንግዲህ ከሥሩ ብዙ አልራቅንም። የዛሬው ትውውቃችን ከዚህ ጋቢና ጋር፣ በተለይም ከወጣለት ሁለተኛ ዋጋ ጋር ነው። ተሳፋሪው ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ጋቢና ከገባ በኋላ «በሩ ጋ ነው ማርሹ ጋ? በሩ ጋ ከሆነ ጨምር» የሚባልበት ዋጋ።

እኔ ያወቅሁት በእናቴ ጉልበት ምክንያት ነው። ቀኝ ጉልበቷን ካመማት ሰንብቷል። ውጭ ያለው ወንድሜ «እማዬን እንደዚያ አጣጥፌ አላስመጣትም» ብሎ በአንድ የአውሮፓ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ቆረጠላትና፣ መቀመጫዋን እንድናስመርጥ ጦር ኃይሎች አካባቢ ፎቅ ላይ ወዳለች ጠባብ ትኬት ቢሮ ላከን። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችልን። የአውሮፕላኑ ሆድ ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ተስሏል፤ መቀመጫዎቹ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ግራጫዎቹ ተይዘዋል። በቀሩት ላይ ማውዙን ባሳለፈች ቁጥር ከሳጥኑ ጎን የዶላር ምልክት ብቅ ይላል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አለች እናቴ።

«የሚፈልጉትን ቦታ ከአሁኑ ለመያዝ የሚከፈል ነው ማዘር።»

«ተከፍሎ የለም እንዴ?»

«የተከፈለው ለጉዞው ነው። ለዚች ወንበር አይደለም።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ቆሜ ነው የምሄደው?»

ቆማ አትሄድም። የቢዝነስ ክላስ ትኬት የያዘ ሰው ቢከፍልም ባይከፍልም ቢዝነስ ክላስ ውስጥ አንድ መቀመጫ አለው። ካልከፈለ ሲስተሙ ራሱ ይመድብለታል፤ ወይም ቼክ ኢን ሲከፈት፣ በብዙ አየር መንገዶች ከበረራው አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከተረፉት ውስጥ ያለክፍያ ይመርጣል። ስለዚህ የሚሸጠው ወንበሩ አይደለም፤ ቀድሞ መያዙ ነው።

ቀድሞ መያዝን ደግሞ እኛ ከማንም ሳንማር እናውቀዋለን። የክፍለ ሀገር አውቶቡስ መናኸሪያ ገብቶ ገና በሩ ሳይከፈት በመስኮት ጋቢ የሚወረውር ሰው ያላየ የለም። ጋቢው ያረፈበት ወንበር ተይዟል፤ የሚከራከር ቢመጣ «ሰው አለው» ይባላል። ለራሱ የማይሄድ፣ ለሌላ ሰው ቦታ ይዞ ሳንቲም የሚቀበል ጎረምሳም አይጠፋም። አየር መንገዶቹ ያደረጉት ነገር ቢጠቃለል የዚያን ጎረምሳ ሥራ ወስደው ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው።

እንዲህ ያለው ዋጋ ሊወጣ የቻለው ግን ወንበሮቹ መለያየት ስለጀመሩ ነው። ድሮ የሚመረጥ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ሲ-47 ነበር። በግድግዳው ግራና ቀኝ የሸራ አግዳሚ ተዘርግቶ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ መሀል ወለሉ ላይ ዕቃ ታስሮ ይጫናል። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት አየር መንገዱ የሚነሳው ከልደታው ሜዳ፣ ዛሬም ሰፈሩ ኦልድ ኤርፖርት ከሚባልበት፣ ከጦር ኃይሎች በእግር ከሚደረስበት ቦታ ነው። ያኔ እናቴ የገጠማትን ጥያቄ ለአንድ ተሳፋሪ ቢያቀርቡለት፣ ከግራው አግዳሚና ከቀኙ አግዳሚ ምኑን ያማርጣል?

ለውጡ የመጣው ወንበር አልጋ መሆን ሲጀምር ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2000 ቢዝነስ ክላሱ ውስጥ ጨርሶ የሚዘረጋ አልጋ አስገባ። አልጋ ቦታ ይፈጃል፤ ቦታ ለመቆጠብ ተሳፋሪዎቹን አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አዙረው እንደ ጫማ በካርቶን አሰናሰሏቸው። መስኮት ጋ የተኛው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ለመሄድ የማያውቀውን ሰው እግር መሻገር ነበረበት። አንዳንዱ ጥግ ላይ ያለ ወንበር ግን ማንንም ሳያስነሳ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበረው። እንግዲህ ማርሽ ያለበትና ማርሽ የሌለበት ጋቢና ተፈጠረ ማለት ነው። በ2009፣ የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋበትና ኩባንያው በከሰረበት ጊዜ፣ መቀመጫን ቀድሞ ለመምረጥ ክፍያ ጀመረ፤ ቢዝነስ ክላሱንም አልማረም። ሻንጣን፣ ምግብን፣ ወንበርን ነጣጥሎ መሸጥ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የርካሽ አየር መንገዶች ጠባይ ነበር። ውድ ትኬት የቆረጠ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ይል ነበር። ደረሰበት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ድፍረቱን ጨመሩበት። የስዊስ አየር መንገድ በአንዳንድ ረጅም መንገድ በሚሄዱ አውሮፕላኖቹ ውስጥ ግራና ቀኙ መደርደሪያ የሆነለት ለብቻው የተቀመጠ ወንበር አለው፤ ስሙንም ዙፋን ብሎታል። በዙፋኑ ላይ ለመቀመጥ ከቢዝነስ ትኬቱ በላይ ይከፈላል። ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. በ2024 ባስጀመረው አሌግሪስ በተባለው አዲስ ቢዝነስ ክላሱ አልጋው የሚረዝም፣ ቦታው የሚሰፋ፣ በር ተዘግቶበት ክፍል የሚሆን እያለ መቀመጫዎቹን በዓይነት በዓይነት ከፋፍሎ ለተሻሉት የየራሳቸው ጭማሪ አወጣ። ቨርጂን አትላንቲክም እንዲሁ በአንዳንድ አውሮፕላኖቹ ፊት ላይ ያሉ ሁለት ሰፋፊ ክፍሎችን ለይቶ ይሸጣል። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች አካሄድ ደግሞ ሌላ ነው። ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በ2019 ላውንጅና ባለሾፌር መኪና የማይጨምር ረከስ ያለ የቢዝነስ ትኬት አወጣ፤ ኳታር ኤርዌይስ በሚቀጥለው ዓመት ተከተለው። ስሙ ቢዝነስ ነው፤ ውስጡ ሲፈተሽ ግን አንዳንድ ነገር ተቀንሷል፤ ከተቀነሰው አንዱ በነጻ መምረጥ ነው።

የራሳችን አየር መንገድ ጋቢና ክላውድ ናይን ይባላል። ውስጡ ግን እንደ አውሮፕላኑ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር፣ ማለትም 787-8፣ 24 የቢዝነስ መቀመጫ አለው፤ በየረድፉ ሁለት መስኮት ጋ፣ ሁለት መሀል፣ ሁለት በሌላው መስኮት ጋ። አስሉት፦ 8ቱ መስኮት ጋ ያሉ ሰዎች ለመውጣት ጎረቤታቸውን ያስነሳሉ ወይም ይሻገራሉ፤ 16ቱ መተላለፊያው እጃቸው ላይ ነው። ከ16ቱም ውስጥ የመሀሎቹ ጥንዶች ይሻላሉ፤ ሁለቱም በየራሳቸው በኩል ይወጣሉ፣ ማንም በላያቸው አይሻገርም። ሰው መስኮት መስኮት ሲል መሀሉን ይንቀዋል፤ ሌሊት ለሚበር፣ እግር ለሚያመው ግን ከዚያ የተሻለ የለም። በ2017 ዓ.ም.፣ አሁንም ከአፍሪካ ቀድሞ፣ የመጣው ኤ350-1000 ደግሞ 46 የቢዝነስ መቀመጫዎቹ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሆነው የተደረደሩ ናቸው። እዚያ የሚሻገር የለም፤ ሁሉም በር ጋ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ወንበሩ በእርግጥ ከሌላው ከተለየ፣ አልጋው ከረዘመ፣ ቦታው ከሰፋ፣ ጭማሪ ቢጠየቅበት አልከራከርም፤ ዙፋን የፈለገ ይክፈል፤ ገንዘብ ብቻ ዙፋን ላይ የሚያወጣበት ሌላ ቦታም አላውቅም። ሁሉም እኩል በሆነበት ጋቢና ውስጥ ግን «ይቺን ለመያዝ» ብሎ ማስከፈል ወረፋ መሸጥ ነው። ይበልጥ የሚቆጨኝ ደግሞ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። ማይል ያጠራቀሙት፣ ብርና ወርቅ ካርድ የያዙት፣ በየሳምንቱ የሚበሩት በብዙ አየር መንገዶች በነጻ ይመርጣሉ። የመሥሪያ ቤት ሰው ከሆነ ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል። ከኪሱ የሚከፍለው በዕድሜው አንዴ ልጁ አስቦለት ቢዝነስ የተሳፈረው ሰው ነው። እሱ ደግሞ የትኛው ወንበር ማርሽ ጋ እንደሆነ የማያውቅ ነው።

ከፍሎ የያዘም ቢሆን የያዘው ጋቢውን ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ተበላሽቶ በሌላ ዓይነት ከተተካ ካርታው ይለወጣል፤ 4 ቁጥር የነበረው ረድፍ ላይኖር ይችላል። ገንዘቡ ሊመለስ ይገባል፤ በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የተከፈለበት የመቀመጫ ምርጫ ካልተሰጠ ክፍያው እንዲመለስ ታዟል። ስለዚህ ደረሰኙን መጣል አይገባም። ትኬት ሲቆረጥም መጠየቅ ያለበት ዋጋው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን መቀመጫ መምረጥ ውስጡ አለ ወይ ነው፤ በአንድ አየር መንገድ፣ በአንድ ቢዝነስ ክላስ ውስጥ እንኳን ርካሹ ትኬት የሚከለክለውን ውዱ ይሰጣል።

የቢሮዋ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድማ መፍትሔውን ይዛዋለች። «የትኛው ጉልበትዎ ነው ማዘር?» አለች።

«ቀኙ።»

ካርታውን አየች። የመሀሉን ጥንድ፣ በስተቀኝ ያለችውን ሳጥን ነካች። «እዚህ ከሆኑ መተላለፊያው በቀኝዎ ነው፤ እግርዎን ዘርጋ ያደርጋሉ። ማንም አይሻገርብዎትም።» ከሳጥኗ ጎን ያለውን ዋጋ ሁላችንም አየነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀጣሪዋ እንዳይሰማት ይሁን ወይም ልማዷ ይሁን እንጃ፣ «አሁን አይክፈሉ» አለችን። መሀሉን ብቻውን የሚሄድ ሰው አይፈልገውም፤ ባልና ሚስት ካልወሰዱት ይቆያል። ቼክ ኢን ሲከፈት ልትሞክርልን ስልኬን መዘገበች። እናቴ መረቀቻት። በስድስተኛው ቀን ደወለች፤ ያቺው ሳጥን፣ ያለምንም ዶላር። ባልና ሚስት ቀድመዋት ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃና እጽፈው ነበር።

ትኬት ቢሮ የሄድን ዕለት ከፎቁ ወርደን ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ደረስን። ረዳቱ «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይላል፤ ጋቢናው ባዶ ነው። እናቴ ከእኔ ቀድማ፣ ከዘራዋን እያስቀደመች ሄዳ በሩን ከፈተችና ቆመች። ቦርሳ ያነገተ አንድ ወጣት ከኋላዋ መጣ።

«ይግቡ ማዘር» አላት።

«ግባ ልጄ» አለችው፣ በሩን ሳትለቅ። «እኔ ቅርብ ወራጅ ነኝ።»

ቤታችን ከአየር ጤና መጨረሻ ፌርማታ ደግሞ አሥር ደቂቃ በእግር ያስኬዳል።