የማድ ቤት ጥቀርሻ

እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ የምናሳየው ሳሎኑን ነው፤ መጋረጃው ታጥቦ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ስኒው ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ማድ ቤቱን ግን ማንም አያሳይም። እንግዳው በስሕተት ወደዚያ ቢያመራ «ኧረ በዚህ በኩል ነው!» ተብሎ ይመለሳል። እኛም እስከ ባለፈው የትንሣኤ በዓል ድረስ ስለ ማድ ቤት የምናውቀው ከዚያ የሚወጣውን ሽታ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ውስጥ አራት ቤተ ሰብ በአንድ ማድ ቤት ይጠቀማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ዳሩ ግን መብራት በጠፋ ቀን፣ እንዲሁም ድግስ ሲደርስ፣ ጉልቻና ማገዶ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከዚህ የተነሣ በሲሚንቶ የተለሰነው ግድግዳ ከታች ቡናማ፣ ከመካከሉ ጥቁር፣ ወደ ጣሪያው ሲጠጉ ደግሞ እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ ሆኗል። ከጣሪያው እንጨት ላይ የተንጠለጠለው የጥቀርሻ ክር አንዳንዴ ወጥ ውስጥ ይወርዳል። የግቢው ባለቤት እማማ በሕማማት ሳምንት ማክሰኞ ጠሩንና፣ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ይህን የሚያስለቅቅ መድኃኒት አታውቅም?» አሉን።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። በዚህ ዕድሜ «አላውቅም» የምትባለው ቃል ከአፍ አትወጣም። «ቀላል ነው፣ እማማ» አልናቸው።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ስሕተታችን ደረቁን ጥቀርሻ ሳናራግፍ ውኃ መርጨታችን ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት መሆኑን እያወቅን በዚያ ሰዓት ትዝ አላለንም። ግድግዳው በጥቁር ጅረት ተዥጎረጎረ። ሁለተኛው ስሕተት ጉዱን ለመሸፈን ብለን ኖራ መቀባታችን ነበር። ኖራ ቅባት ባለበት ላይ አይዝምና፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነጭ የነበረው ቅዳሜ ጧት ብጫ ሆኖ እየተላጠ ጠበቀን።

ሦስተኛውን ስሕተት ስንናገር እስከ ዛሬ እናፍራለን። «በረኪና የማያነጣው ነገር የለም» ብለን ከአቼቶ ጋር በአንድ ባልዲ ቀላቀልነው። ወዲያው ዐይናችን አነባ፣ ጉሮሯችን ተያዘ፤ እማማ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ከባልዲው የተነሣው ክሎሪን የተባለው ጋዝ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 የጀርመን ጦር በቤልጂግ አገር፣ ኢፕር አጠገብ በጠላቶቹ ላይ የለቀቀው ያው ጋዝ ነበር። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ፣ ከመጸዳጃ ቤት አሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር ማገናኘት ከቶ አይገባም። ይህን ሁሉ አደጋ የተቀበልነው ደግሞ በከንቱ ነው፤ በረኪና ቀለምን ያነጣል፣ ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ቅባትን አያስለቅቅም። የዚያ በዓል ዶሮ ወጥ በደጅ ተሠራ።

ከበዓሉ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተቀመጥን። ቁሌት ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ምጣዱም በጎመን ዘር ሲታሰስ፣ ዐይን የማያያት ደቃቅ የቅባት ጠብታ ከእንፋሎቱ ጋር ትነሣለች። ከቀዝቃዛው ግድግዳ ስትደርስ ትቀመጣለች፤ ጥቀርሻውም መጥቶ ይጣበቅባታል። ገና ትኩስ ሳለች ሙቅ ውኃና ሳሙና ይበቃታል። ይሁን እንጂ የኑግ ዘይት በስሱ ተዘርግቶ ሲቆይ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ የሚጠነክር ዓይነት ነው። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱት የተልባም ጠባይ እንደዚሁ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በግቢያችን ያሉት ባለሙያዎች ወጥ ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ሳያውቁት ግድግዳውን የዘይት ቀለም ሲቀቡት ኖረዋል ማለት ነው።

መድኃኒቱን ያገኙት እማማ ናቸው። «እናቴ ድስቱን በአመድ ነበር የምታጥበው» አሉ እንደ ዋዛ። እኛ በትምህርት ቤት ፖታሲየም ካርቦኔት ብለን ያጠናነው ነገር በምድጃቸው ሥር ተከምሮ ኖሯል! የእንጨት አመድ ይህ ጨው አለበት፤ በውኃ ሲሟሟ ቅባቱን ያላላዋል፣ ከፊሉንም ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። አመዱን ነፍተን በሙቅ ውኃ በጠበጥነው፤ አድሮ ሲጠል ከላይ ያለውን ጥሩ ውኃ ቀድተን ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨመርንበት። ይህ ውኃ ቆዳንና ዐይንን ይለበልባልና የእጅ ጓንት ያስፈልጋል፤ የአሉሚኒየም ዕቃም ይበላል።

በዚህ ጊዜ ግን ተጠንቅቀን ጀመርን። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋን፤ የውኃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ጨዋታ አያምርም። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍን፤ የትኛውን ገጽ እንዳነጠፍን አንናገርም። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ደረቁን ጥቀርሻና የተላጠውን ኖራ ከላይ ወደ ታች በመጥረጊያ አራገፍን። ከዚያ በኋላ የተነከረውን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ለጥፈን ሩብ ሰዓት ያህል አቆየነው። ፍተጋውን ከታች ወደ ላይ አደረግነው፤ ከላይ ቢጀመር የሚወርደው እድፍ በደረቁ ግድግዳ ላይ የማይለቅ መስመር ያሰምራልና። ማለቅለቂያው ብቻ ከላይ ወደ ታች ይሆናል። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ቢሆን ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ውኃ ያፈርሰዋልና ፍቆ እንደገና መምረግ ይሻላል።

የመጨረሻውን ባልዲ ስንደፋ እማማ በሩ ላይ ቆመው ያሳልሱ ነበር። ያ ሳል በግቢያችን እንደ ዶሮ ጩኸት የተለመደ ነውና ልብ ብለነው አናውቅም። ነጩን ግድግዳ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ጠቁረናል። እሱን አጠብክልኝ፤ የእኔን ደረትስ በምን ታጥበዋለህ?» አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም።

ያን ዕለት ማታ ስናነብ አመሸን። በ1775 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን ጢስ መውጫ ጠራጊዎችን የያዛቸው ካንሰር ከጥላሸት የመጣ መሆኑን ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ደግሞ በ2020 እንደዚሁ አቆጣጠር ከቤት ውስጥ ጢስ በመጣ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናት ስትጋግር በጀርባዋ የታዘለው ልጅ የሚተነፍሰው እርሷ የምትተነፍሰውን ነው። ግድግዳው ላይ የቀረው እኮ በሰው ደረት ሳይገባ የተረፈው ብቻ ነው!

ስለዚህ በሳምንቱ መሰላል ይዘን ተመለስን። ከምጣዱ በላይ ያሉትን ሁለት ቆርቆሮዎች አንሥተን ዝናብ እንዳያስገቡ ከሌሎቹ ከፍ አድርገን መታናቸው፤ በበሩ በኩል ደግሞ በግድግዳው እግር ነፋስ መግቢያ ከፈትን። ሙቅ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን በእግሩ ተተክቶ የሚገፋው አየር ይፈልጋል። የዛሬ ወር ጣታችንን በግድግዳው ላይ ብናሳልፍ ከመውጫው ሥር ብቻ ጥቂት ጥቁረት ነካን። የእማማ ሳል ግን አለ፤ ጤና ጣቢያ አብረናቸው ሄደን ምርመራ ጀምረዋል።

አሁን የቀረው ምርጥ ምጣድ የሚባለውን፣ ዙሪያው በሲሚንቶ የተከደነውን ምድጃ መግዛት ነው። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል ይባልለታል፤ ማገዶው ሲያንስ ጢሱም ያንሳል። እማማ ከአራቱ ቤት መዋጮ እየሰበሰቡ ነው። ሁለቱ ቤት ከፍለዋል። ካልከፈሉት ከሁለቱ አንዱ የእኛ ነው።