ብርድና የፊልም ካሜራ፦ የማንሻ ቁልፍ ላይ የሚታሰረው ትንሽ አናት

ደባርቅ፦ ከደባርቅ ተነስቶ በቧሂት በኩል ወደ በየዳ የሚሻገር መንገደኛ ማለዳ ላይ ጣቱ ይደነዝዛል። በበየዳ የሚገኘው ራስ ደጀን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚያ ብርድ ጓንት የለበሰ ሰው የፊልም ካሜራን ትንሽ የማንሻ ቁልፍ በጣቱ ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል። ቁልፉን በኃይል ሲጫነው ደግሞ ካሜራው ይነቀነቃል፤ ዋልያውም ደብዝዞ ይወጣል። ጥፋቱ የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው፤ አንድ ጥቅል ፊልም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ36 ፎቶ አያልፍም። ጭላዳ ዝንጀሮ ሰው ቢቀርበውም ሣሩን እየነጨ ይቆያል፤ ዋልያ ግን ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አይሰጥም።

ለዚህ ችግር የሚረዳ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች «ሶፍት ሪሊዝ» የሚሉት ዕቃ አለ። ከብረት የተሠራ ትንሽ ክብ አናት ሲሆን ከሥሩ ቀጭን ብሎን አለው። ብሎኑ በካሜራው ማንሻ ቁልፍ መሐል ባለው ባለጥርስ ቀዳዳ ይታሰራል። ስሙ ለስላሳ ይበል እንጂ ስፕሪንግ የለውም፤ የካሜራውንም አሠራር አይለውጥም። ቁልፉን ከፍና ሰፋ ያደርገዋል፤ በዚህም ሰው በጣቱ ጫፍ ከመውጋት ይልቅ ጣቱን አጋድሞ ቀስ ብሎ ይጫነዋል።

ቀዳዳው ቀድሞውኑ የተሠራው ካሜራን ሳይነኩ ፎቶ ለማንሳት ለሚያገለግለው የማንሻ ሽቦ ነው። ኒኮን ኤፍኤም2፣ ፔንታክስ ኬ1000 እና ሌይካ ኤም3 ይህ ቀዳዳ አላቸው። በኒኮን ኤፍ እና ኤፍ2 ላይ ግን ጥርሱ ያለው ከቁልፉ ዙሪያ ስለሆነ መሸጋገሪያ ያስፈልጋል። ቀዳዳ በሌለው ካሜራ ላይ በሙጫ መለጠፍ አይበጅም፤ ሙጫው ወደ ውስጥ ከገባ ቁልፉን አጣብቆ ያስቀረዋል።

መግጠሙ ቀላል ቢመስልም ካሜራ የሚያበላሸው እዚህ ላይ የሚደረግ ጥድፊያ ነው። ሥራው ፊልም ሳይገባ ይጀመራል። ብሎኑ ቀጥ ብሎ ከገባ በሁለት ጣት ያለ ትግል ይዞራል፤ እንቢ ካለ ጥርሱ ተዛንፏልና አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ማጥበቅ ይቁም። በፒንሳ ማጥበቅ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ በኋላ ሲፈታ የካሜራው የራሱ ቁልፍ አብሮ ሊነቀል ይችላል። ቀጥሎ ካሜራው ይወጠርና አናቱ እንደገና ይታሰራል። ሳይጫኑት ካሜራው «ጧ» ካለ ብሎኑ ረዝሞ የውስጡን አካል እየገፋ ነው፤ ያ ዕቃ ለዚያ ካሜራ አይሆንም።

በበቅሎ ወይም በመኪና ንዝረት አናቱ ላልቶ መውደቁ የተለመደ ነው። ከሥሩ ቀጭን የጎማ ቀለበት ማስገባት ይህን ይቀንሳል።

አናቱ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል እንጂ የዘገየ ፍጥነትን አያካክስም። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዋልያን ከሩቅ የሚያነሳ ሰው ፍጥነቱን ቢያንስ 1/250 ሰከንድ ማድረግ ይኖርበታል።

ከፍ ያለ ቁልፍ በቦርሳ ውስጥም በቀላሉ ይጫናል፤ ፊልም በከንቱ ይሄዳል። በኤፍኤም2 ላይ የፊልም ማዞሪያው እጀታ ወደ ካሜራው ሲገፋ ቁልፉ ይቆለፋል። መቆለፊያ በሌለው ካሜራ ደግሞ ፊልሙን ሳያዞሩ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ይሻላል፤ ያልተወጠረ ካሜራ ቢጫኑትም አያነሳም።