የአሮጌ ቢስክሌትን ዘመን ስለ መለየት

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ በመርጡለ ማርያምም ጭምር፣ አሮጌ ቢስክሌት አግኝቶ ዘመኑን የሚጠይቅ ተመራማሪ «የጣልያን ጊዜ ነው» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ቃል የሚናቅ ባይሆንም ሳይመረመር መመዝገብ የለበትም።

ለመሳሳት አንደኛው ምክንያት ቋንቋችን ነው። «ካቴና»፣ «ፍሬን»፣ «ጎማ» የምንላቸው ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ የእንግሊዙንም ቢስክሌት ሰንሰለት ካቴና እንለዋለንና ስሙ ብቻውን ዕቃው የት እንደ ተሠራ አያስረዳም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በተዋጉበት አገር የተገኘውን ብረት ሁሉ ለወራሪው ብንሰጥ፣ ከነፃነት በኋላ የነበረው የሕዝቡ ንግድና ጉዞ ከታሪክ ይጠፋል።

መልኩም በቂ ምስክር አይሆንም። ጥቁር፣ ቁመተ ረጅም፣ ፍሬኑ በቀጭን ዘንግ የሚሳብ ቢስክሌት በመጀመሪያ የእንግሊዝ አሠራር ነበረ። ሆኖም ይህንኑ መልክ የያዘው «በራሪ እርግብ» የተባለው የቻይና ቢስክሌት በቲያንጂን ከተማ መሠራት የጀመረው በ1942 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከመሪው በታች፣ በግንባሩ ላይ ካለው ዓርማ ይጀምር። ቢያንኪ የሚላኖ ነው። የኖቲንግሃሙ ራሌ የሽመላ መሰል ወፍ ራስ አለው። የበርሚንግሃሙ ቢ.ኤስ.ኤ. ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎችን ያሳያል፤ ኩባንያው የጦር መሣሪያ ሠሪ ነበርና። የቢስክሌት ክፍሉ በ1949 ዓ.ም. ለራሌ ስለ ተሸጠ፣ ዓርማው ከዚያ በኋላ በራሌ ፋብሪካ በተሠሩትም ላይ ይገኛል። ከኮርቻው ሥር ወይም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ቱቦ በታች የተቀረጸው ቁጥርም ይመዝገብ፤ ነገር ግን ያለ ፋብሪካው መዝገብ ዓመቱን አይናገርም።

ዓመትን በግልጽ የሚናገረው ስተርሚ አርቸር የተባለው ባለ ሦስት ማርሽ የኋላ ሞዞ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት ላይ ዓመቱና ወሩ ተቀርጾ ይገኛል። «52 6» የሚል ብናገኝ 1952 ዓ.ም. ብለን እንዳንጽፍ እንጠንቀቅ። ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 1952 ማለት ስለ ሆነ በእኛ 1944 ዓ.ም. ነው። ወሩ ከጥር እስከ ነሐሴ ከሆነ ስምንት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት ዓመት ይቀነሳል፤ በመስከረም ግን ዘመኑ የሚለወጥበት ዕለት ስላለ ሁለቱም ዓመት ይጻፍ።

ሞዞውም ቢሆን የተለወጠ ሊሆን ይችላል። የመርጡለ ማርያምን ጥንታዊ ሕንፃ የሚያጠና ሰው ንግሥት እሌኒ ያሠሩትንና በ17ኛው ምእተ ዓመት በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ዘመን የታደሰውን ለይቶ እንደሚያይ ሁሉ፣ የቢስክሌቱም አካልና መለዋወጫ ለየብቻ ይታይ። የሞዞው ዓመት የሚያስረዳው ቢስክሌቱ አሁን ባለበት ሁኔታ ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተገጣጠመ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ባለቤቱ ከማን፣ የት፣ ከየትኛው የታወቀ ድርጊት በፊት ወይም በኋላ እንደ ገዛው ይጠየቅ። ቃሉና የብረቱ ምልክት ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይጻፉ። ሁለቱ ካልተስማሙ «የጣልያን ጊዜ» ብሎ ከመደምደም «ሞዞው 1944 ዓ.ም.፤ አካሉ ገና ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ለሚቀጥለው ተመራማሪ ይበልጥ ይጠቅማል።