ከመርካቶ በላይ ያለው ደን የእኛም ነው

ጁሙዓ ሰግደን ከአንዋር መስጂድ ስንወጣ ዓይናችን የሚያርፈው በመርካቶ ግርግር ላይ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ካለው ተራራማ ስፍራ አንዱ ክፍል ግን የዩኒቨርሲቲያችንም መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይባላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ተስማምተው በጋራ የመሠረቱት ሲሆን፣ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። ለምርምርና ለትምህርት ያገለግላል፤ በእግር ለመናፈስም ይሆናል።

እዚያ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ያየ ሰው «ደን ይጠበቃል እየተባለ ለምን ይቆረጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ባሕር ዛፍ የአገራችን ዛፍ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት በተቸገረችበት ጊዜ የገባ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ውለታው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ውሃ በብዛት ይስባል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። በተራቆተው መሬት ላይ የወረደው የክረምት ዝናብ ሳይሰርግ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ዓላማው ባሕር ዛፉን እንደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ባሉ አገር በቀል ዛፎች መተካት ነው። ሥራው ቀስ በቀስ መሆን አለበት፤ ተዳፋቱ በአንዴ ከተመነጠረ ጎርፉ ይብሳል።

ይህ ለመርካቶ ሰው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ወደ ከተማዋ ወንዞች ይገባል። ላይኛው አፈር በሥርና በሣር ከተያዘ ውሃው ይሰርጋል፣ በሸለቆው ረግረግ ይቆያል፣ ጎርፉም ይቀንሳል።

ሌላም ሐቅ አለ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የሚያድሩት በዚሁ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ሲተካ የእነሱ እንጀራም ካልታሰበ ጥበቃው አይጸናም። ወደዚያ ስንሄድ ይህንንም ጥያቄ ይዘን እንሂድ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። መንገድን፣ ሰው የሚያርፍበትን ጥላና የውሃ ስፍራን ከማቆሸሽም ከልክለዋል። ደኑ ውስጥ ሦስቱም አሉ። ስለዚህ ከእግር መንገዱ አንውጣ፤ ለውዱእ የሚሆን ውሃና መስገጃ እንያዝ፤ የያዝነውን ፕላስቲክም ይዘን እንመለስ። በክረምት የችግኝ ተከላ ሲኖርም ኢንሻአላህ አብረን እንገኝ፤ የተከልነውንም እየተመለስን እንይ።