ስለ እግር ሕመም፤ ይልቁንም ዝሆኔ ስለሚባለው እብጠት

በደባርቅና በዳባት፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት አጥቢያዎች፣ በበዓል ቀን ማልዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሥ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሕዝቡ ከቅጥሩ ውስጥ ገብቶ ሲያስቀድስ፣ አንዲት እናት ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከዛፍ ሥር ለብቻዋ ተቀምጣ፣ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና፣ ቅዳሴውን ከሩቅ ትሰማለች። ከዚያ ያስቀራት እግሯ ነው። እግሯ አብጧል፣ ቆዳው ሻክሯል፣ ሽታም አለው፤ ሰው እንዳይጸየፋት ፈርታ ራሷን አራቀች።

የእግር ሕመም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሊማሊሞን ዳገት ጭኖ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በማለዳ ከመኝታው ሲነሣ ተረከዙ እንደ እሾህ ቢወጋው፣ ከውስጥ እግሩ ሥር ያለው ጅማት ከልክ በላይ በመወጠሩ ነውና ዕረፍት፣ ጅማቱን ቀስ አድርጎ ማሳሳብና ለስላሳ ተረከዝ ያለው ጫማ ብዙውን ጊዜ ይሽሩታል። በብርድና በድርቀት የነቃ ተረከዝም በለብታ ውኃ ታጥቦ ቫዝሊን ቢቀባ ይለሰልሳል። በሌሊት በድንገት የአውራ ጣትን መጋጠሚያ አቅልቶ የሚያነደው ሪህ ሐኪም ይፈልጋል። የስኳር ሕመም ወይም የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ደግሞ እሾህ ቢወጋው እንኳ የማይሰማው እንደ ሆነ፣ ያ ሕመም ማጣት ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራል።

ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ግን ስለ ዝሆኔ ነው። ሕዝባችን ስለዚህ ደዌ ብዙ ይላል። አንዱ ሟርት ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው የአባቶች መርገም ነው ይላል፤ ሦስተኛው ከታመመው ሰው ጋር አብሮ ከተቀመጡ ይተላለፋል ይላል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። በቈላ አገር በትንኝ ንክሻ ከሚመጣ ትል የተነሣ እግርን የሚያሳብጥ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ዝሆኔ ግን ከአፈር የሚመጣ ነው። ይህን በትጋት መርምረው ካስረዱት ሐኪሞች አንዱ በኢትዮጵያ ያገለገለው እንግሊዛዊው ኧርነስት ፕራይስ ነው። እርሱም ደዌውን «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው፤ በጽርእ ቋንቋ እግርና ትቢያ ከሚሉት ቃላት የወጣ ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራሮቻችን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ በፈላ የቀለጠ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ይህን የመሰለ ድንጋይ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ሲበሰብስ ቀይ ሸክላ አፈር ይሆናል። ባዶ እግሩን ለዓመታት የሚያርስና የሚያርም ሰው፣ በዓይን የማይታዩ የአፈሩ ብናኞች በቆዳው በኩል ይገቡበታል፤ በእግሩ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቈጣሉ፣ በመጨረሻም ይዘጋሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግሩን ያሳብጣል። ታዲያ በአንድ ማሳ ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ስለ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት መልስ ሰጥቷል፤ በዘር የሚወረስ የሰውነት ጠባይ ለአፈሩ ተጋላጭ ያደርጋል። ስለዚህ በዘመድ መካከል መደጋገሙ እውነት ነው፤ መርገም ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአገሪቱ ሁሉ ካርታም ደዌው በ345 ወረዳዎች ሊገኝ እንደሚችል አመልክቷል።

እኛም በዚህ ነገር በደለኞች ነን። በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዘመኖቻችን፣ እግሩ ያበጠ አንድ ብላቴና በክፍላችን ነበረ። ሌሎቹ ልጆች በሽታው ይጋባል ብለው ሲሸሹት፣ እኛ ልናስተምራቸው ሲገባ እርሱን ወደ ኋለኛው ወንበር ለብቻው አስቀመጥነው። ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰም። ከብት እየጠበቀ ነው አሉን፤ ሄደን አልጠየቅነውም።

ሕክምናው ከሚያስፈራው መልክ ይልቅ ቀላል ነው። በየቀኑ እግርን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፤ ጤና ባለሙያው በሚነግረው ልክ በጣም በቀጠነ በረኪና ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ ቅባት መቀባት፤ እብጠቱ ለስላሳ ከሆነ በፋሻ መጠቅለል፤ ሲቀመጡም ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፤ ከዚያም ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፣ ትቢያውን ግን አይከለክልም። በበጋ ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ እናት ይህን ስትሰማ ማዘኗን እናውቃለን፤ ነገር ግን አንድ የመታጠቢያ ሳህን ውኃ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል፤ ከ696 ሕሙማን መካከል ይህን ሥርዓት ወዲያው የጀመሩት፣ ሳይጀምሩ ከቈዩት ይልቅ ሕመሙ የተነሣባቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ሕመሙ የሚነሣበትን ቀን ማወቅ ይገባል። እግሩ በድንገት ይግላል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ሰውየው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ተኝቶ ማረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ፣ ብዙ ፈሳሽ መጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በጋለ ብረት መተኮስና በምላጭ መብጣት ለጀርም በር ይከፍታል፤ እባካችሁ ተዉት።

ስለ ጫማ የሚጠይቁን ካህናትና ተማሪዎች አሉ። ከተቀደሰው ስፍራ ጫማ ማውለቅ ሥርዓታችን ነው፤ ይኸውም ከእርሻ ወደ ቤት ባዶ እግር ለመመላለስ ምክንያት አይሆንም። ከቅዳሴ በኋላ እግርን አብሶ ጫማ ማድረግ፣ ቤት ሲገቡም መታጠብ ነው። ጠበል የሚጠመቅም ሳሙናውንና ጫማውን አይተው። የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም በዚህ ደዌ ለተያዙ ሰዎች በጎጃም ሕክምናና ጫማ ሲሰጥ ቈይቷል።

የደዌው መጀመሪያ ግን ቀላል ይመስላል። ልጁ ማታ ከእርሻ ሲመለስ ውስጥ እግሩን ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል፤ የእግሩ ጀርባ ትንሽ ያብጥና ሌሊቱን ሲተኛ ይጐድላል፤ ጠዋት ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ፣ ገና እብጠቱ ወደ ኋላ ሊመለስ በሚችልበት ጊዜ፣ ሳምንት ሳይቈይ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ይወሰድ።