የመጀመሪያ ራዲዮ ለሚገዛ ሰው

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ድንገተኛ መከራ በመጣ ጊዜ እውነተኛውን ወሬ ለመስማት የሚሻ ሰው፣ የፖሊስና የአምቡላንስ መነጋገሪያ ለባለሥራዎቹ የተለየ መሆኑን ዐውቆ፣ ለሕዝብ የሚታወጀውን አጥርቶ የሚቀበል ራዲዮ ይምረጥ።

ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገዱ ጥርት ብሎ ቢሰማም፣ እንደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል፤ አጭር ሞገድ ግን ከላይኛው ረቂቅ ጠፈር ተመልሶ ወደ ምድር ስለሚወርድ ከሩቅ ሀገር ይደርሳል፤ የመካከለኛውም ሞገድ ርቀት በሌሊት ይበዛል።

ስለዚህ ሦስቱንም ሞገዶች የሚይዝ፣ ረዥም አንቴና ያለው፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ይሁን፤ ገዢውም ከሱቁ ሳይወጣ ይፈትነው። መስማት ብቻውን ግን ነፍስ አያድንምና፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።